«ታገደ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው፡፡ እኔም ዛሬ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርና ስለ አንዲት ቃል ልጻፍ፡፡ ቃሏ «ታገደ» ትባላለች፡፡ ላይ ላዩን ስትታይ አጭር፣ ሁሉም ሰው የሚያውቃት፣ ለርዕስም የምትመች ቃል ነች፡፡ ነገር ግን ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚጻፉ የአማርኛ ዜናዎችን ተራ በተራ ላነበበ ሰው ይህቺ ቃል የአምስትና የስድስት ቃላትን ሥራ ብቻዋን ተሸክማ ያገኛታል፡፡ አንድ ጽሑፍ ከፌስቡክ ላይ ሲወገድ «ታገደ» ይባላል፡፡ አንድ ሰው ለ24 ሰዓት እንዳይጽፍ ሲከለከልም «ታገደ» ነው፡፡ የዩቲዩብ ቻናል ላይመለስ ሲዘጋ «ታገደ»፡፡ መንግሥት ድረ ገጽ እንዳይከፈት ሲያደርግ «ታገደ»፡፡ ሌላው ቀርቶ አንዱ ግለሰብ ሌላውን ብሎክ ሲያደርገው እንኳ «አገደው» ሲባል እንሰማለን፡፡

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፡፡ አምስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም የሚጠራ ጋዜጠኛ ዜና ነገረን ወይስ ወሬ አቀበለን? እንደኔ እምነት ወሬ ነው ያቀበለን፡፡ ምክንያቴንም እንደሚከተለው ላስረዳ፡፡

በመጀመሪያ ደረጃ እኛ ራሳችን ቅጣትን በደረጃ ለይተን መጥራት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም፡፡ እስቲ ግቢያችንን ተመልከቱ፡፡ ውጤት በሚለጠፍበት ሰሞን «ዋርኒንግ»፣ «ፕሮቤሽን»፣ «ዲስሚሳል»፣ «ኮምፕሊት ዲስሚሳል» የሚሉትን ቃላት አምታቶ የሚናገር ተማሪ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም፡፡ ዋርኒንግ የመጣበትን ልጅ «ኮምፕሊት ሆነ» ብሎ ለቤተሰቡ የሚደውል ሰው ቢገኝ ከልጁ ጋር ሳይደባደብ የሚያመልጥ አይመስለኝም፡፡ በአንደኛው ልጁ አንብቦ ያሻሽላል፣ በሌላኛው ፍራሹን ጠቅልሎ ይሄዳል፡፡ ዲስሚሳል እንኳ ሪአድሚሽን ያለውና የሌለው ተብሎ ይለያል፡፡

ወደ ሰፈር ብንሄድም ያው ነው፡፡ በዕድር መዋጮ ያዘገየ ሰው ይቀጣል፣ ጥፋቱን የደጋገመ ደግሞ ከዕድሩ ይሰረዛል፡፡ በ«ተቀጣ» እና በ«ተሰረዘ» መካከል ያለውን ልዩነት ድንኳን በሚያስፈልግበት ቀን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፡፡ ኳስ የሚከታተለውማ ቢጫን ከቀይ፣ የሦስት ጨዋታ እገዳን ከዕድሜ ልክ እገዳ አይቀላቅልም፡፡ መሥሪያ ቤትም ቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የደመወዝ ቅጣት፣ ከሥራ ማገድና ማሰናበት የየራሳቸው ስም አላቸው፡፡ ታዲያ በግቢ፣ በዕድር፣ በሜዳና በሥራ ቦታ ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነው አማርኛችን ኢንተርኔት ላይ ሲደርስ ለምን «ታገደ» በምትለው አንዲት ቃል ይደኸያል?

ቃሉ ራሱ የራሱ ጠባይ አለው፡፡ በገጠሩ «ከብት አገደ» ማለት ጠበቀ ማለት ነው፤ እረኛው ያገዳቸውን ከብቶች ማታ ወደ በረታቸው ይመልሳቸዋል፡፡ ፍርድ ቤት «እግድ» ሲሰጥ ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ባለበት ይቆይ ማለቱ ነው፡፡ ከሥራ የታገደ ሠራተኛም ጉዳዩ እየተጣራ ነው እንጂ ገና አልተሰናበተም፡፡ በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች እገዳ የመቆየት እንጂ የመጨረስ ጠባይ የለውም፡፡ «የዕድሜ ልክ እገዳ» የሚል አነጋገር መኖሩን አልዘነጋሁም፡፡ ግን እዚያም ቢሆን «የዕድሜ ልክ» የሚለውን ለይተን የጨመርነው ቃሉ ብቻውን ያንን ስለማይነግረን ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፡፡ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የሚወስዱት እርምጃ አንድ አይደለም፡፡ በኩባንያዎቹ ደንብ መሠረት ቢያንስ የሚከተሉትን ለይቶ ማወቅ ይቻላል፡፡ ማስጠንቀቂያ አለ፡፡ አንድን ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ ብቻ ማስወገድ አለ፡፡ ጽሑፉን ሳያስወግዱ ብዙ ሰው ዘንድ እንዳይደርስ ዝቅ ማድረግ አለ፡፡ አንዳንድ አገልግሎቶችን ብቻ፣ ለምሳሌ በግሩፕ ውስጥ መጻፍን ወይም ቀጥታ ስርጭትን፣ ለተወሰነ ጊዜ መገደብ አለ፡፡ አካውንቱን በሙሉ ለጊዜው ማገድ አለ፡፡ በመጨረሻም አካውንቱን መዝጋት አለ፡፡

ዩቲዩብን እንውሰድ፡፡ ደንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሰ ቻናል አብዛኛውን ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፡፡ ከዚያ በኋላ «ስትራይክ» የሚባለው ቅጣት ይመጣል፡፡ አንደኛው ስትራይክ ለ1 ሳምንት ቪዲዮ እንዳይጭን ያደርገዋል፣ በ90 ቀን ውስጥ ሁለተኛው ከተደገመ ለ2 ሳምንት፣ በዚያው 90 ቀን ውስጥ ሦስተኛው ከመጣ ግን ቻናሉ ይዘጋል፡፡ የፌስቡክ ባለቤት ሜታም እ.ኤ.አ. በ2023 ባሻሻለው አሠራር መሠረት ለአብዛኞቹ ጥሰቶች በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ቀጥሎ አንዳንድ አገልግሎቶችን ይገድባል፣ በ7ኛው ጥሰት ለ1 ቀን፣ በ8ኛው ለ3 ቀን፣ በ9ኛው ለ7 ቀን፣ ከ10ኛው ጀምሮ ለ30 ቀን ምንም እንዳይለጥፉ ይከለክላል፡፡ ለከባድ ጥሰት ደግሞ ሌላ አሠራር አለው፡፡ ከአንድ ቀን ዝምታ እስከ ፈጽሞ መጥፋት ያለውን ይህን ሁሉ መሰላል ነው እንግዲህ እኛ «ታገደ» ብለን የምንገላገለው፡፡

ይህ የቃላት ስንጠቃ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ካለ አንድ ጉዳይ ላስታውሰው፡፡ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጉዳይ ለዚህ ትልቅ ማስተማሪያ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ደጋፊዎቻቸው የአሜሪካን ምክር ቤት በወረሩበት ዕለት ፌስቡክ ለ24 ሰዓት እንዳይለጥፉ ከለከላቸው፡፡ በማግስቱ ክልከላውን ላልተወሰነ ጊዜ፣ ቢያንስ ግን ለ2 ሳምንት አራዘመው፡፡ ጉዳዩ ኩባንያው ራሱ ላቋቋመው ኦቨርሳይት ቦርድ ቀረበ፡፡ ቦርዱ ሜይ 5 ቀን 2021 በሰጠው ውሳኔ እርምጃው መወሰዱን ደገፈ፤ ነገር ግን «ላልተወሰነ ጊዜ» የሚለውን ቅጣት አልተቀበለውም፡፡ መቼና በምን መስፈርት እንደሚያበቃ ያልተነገረ ቅጣት ተገቢ አይደለም፣ በ6 ወር ውስጥ ወይ የጊዜ ገደብ አስቀምጥ ወይ ሌላ ውሳኔ ስጥ አለው፡፡ ኩባንያውም ጁን 4 ቀን 2021 ቅጣቱን 2 ዓመት አደረገው፡፡ አካውንቱ የተመለሰው በ2023 መጀመሪያ ላይ ነው፡፡

ልብ በሉ! የክርክሩ ግማሽ የነበረው ሰውዬው መቀጣት አለባቸው የለባቸውም የሚለው ሳይሆን ቅጣቱ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነበር፡፡ «ለ24 ሰዓት»፣ «ላልተወሰነ ጊዜ» እና «ለ2 ዓመት» የሚሉት ሦስት አነጋገሮች የጉዳዩ ፍሬ ነበሩ፡፡ እነዚህን ሦስቱን «ትራምፕ ታገዱ» በሚል አንድ ርዕስ ሦስት ጊዜ የጻፈ ጋዜጠኛ የቦርዱ ውሳኔ ለምን ዜና እንደሆነ እንኳ ለአንባቢው ማስረዳት አይችልም፡፡

የትዊተሩ ደግሞ ይብሳል፡፡ በዚያው ሳምንት ጃንዋሪ 8 ቀን 2021 ትዊተር የትራምፕን አካውንት «ፐርማነንትሊ ሰስፔንድ» አደረግሁ አለ፡፡ በአማርኛ «ለዘለቄታው አገድኩ» እንደማለት ነው፡፡ የእንግሊዝኛው ቃል እኮ ማንጠልጠል፣ ለጊዜው ማቆየት ማለት ነው፡፡ ለዘለቄታው ለጊዜው ማቆየት ምን ማለት ነው? ኩባንያው ራሱ የመረጠው ቃል እርስ በርሱ ይጣላል፡፡ «ለዘለቄታው» የተባለውም ነገር 2 ዓመት አልሞላውም፤ ትዊተር በኢሎን ማስክ ከተገዛ በኋላ ኖቬምበር 19 ቀን 2022 አካውንቱ ተመለሰ፡፡ ከዚህ የምንማረው የኩባንያን ቃል እንዳለ ገልብጦ ማስተላለፍም እንደማይበቃ ነው፡፡ ኩባንያው ያለውን «ብሏል» ብለን እንጠቅሳለን፣ የሆነውን ደግሞ በራሳችን ቃል እንገልጻለን፡፡

በእኛም አገር ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፡፡ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፌስቡክ የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን አንድ ጽሑፍ ግጭትን የሚያነሳሳና የሚደግፍ ይዘትን የሚከለክለውን ደንቤን ጥሷል በማለት አስወግዶ ነበር፡፡ የተወገደው አንድ ጽሑፍ ነው፤ ገጹ አልተዘጋም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከመጻፍ አልተከለከሉም፡፡ «ፌስቡክ ዐቢይን አገደ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ደጋፊም ይሁን ተቃዋሚ ያልሆነ ነገር ነው የሚጽፈው፡፡ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር በተያያዘም በአማርኛ የተጻፈ የአንድ ተጠቃሚ ጽሑፍ እስከ ኦቨርሳይት ቦርድ ድረስ ሄዷል፡፡ ሜታ መጀመሪያ አስወገደው፡፡ ተጠቃሚው ለቦርዱ ይግባኝ ሲል ኩባንያው ተሳስቻለሁ ብሎ መለሰው፡፡ ቦርዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የመጀመሪያው ውሳኔ ትክክል ነበር ብሎ ወሰነ፡፡ ተወገደ፣ ተመለሰ፣ መወገዱ ትክክል ነበር ተባለ፡፡ በመካከል ያለውን ቀን ሳይጠቅስ «ታግዷል» ብሎ የጻፈ ሰው አንዱን ቀን እውነተኛ፣ ሌላውን ቀን ሐሰተኛ ይሆናል፡፡

እዚህ ላይ የሰዋስው ነገር ላንሳ፡፡ አማርኛ «ታግዷል» ሲል እገዳው አሁንም አለ ማለቱ ነው፡፡ «ታግዶ ነበር» ሲል ግን አልፏል፡፡ የ12 ሰዓት እገዳን በማግስቱ «ታግዷል» ብሎ መጻፍ በአንዲት ቃል የሚሠራ ስህተት ነው፡፡ ሌላም አለ፡፡ «ተ» የምትባለዋ ፊደል አድራጊውን ደብቃ ታስቀራለች፡፡ «ድረ ገጹ ተዘጋ» ሲባል ማን ዘጋው? ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር፡፡ በወቅቱ ከሰው አፍ የሚሰማው «ፌስቡክ ተዘጋ» የሚል ነበር፡፡ ፌስቡክ ግን አልተዘጋም፣ ፌስቡክም ማንንም አልዘጋም፡፡ ከአገር ውስጥ ወደ ፌስቡክ የሚወስደው መንገድ ነው የተገደበው፡፡ ኩባንያ በደንበኛው ላይ የሚወስደው እርምጃና በአንድ አገር ሕዝብ ላይ የሚጣል ገደብ በአንድ ቃል ሲጠሩ ተጠያቂው አካል በመሃል ይጠፋል፡፡ ጋዜጠኝነት ደግሞ «ማን?» ከሚለው ጥያቄ ነው የሚጀምረው፤ አንደኛ ዓመት የተማርነው እሱን ነው፡፡

«ተነሳ» እና «አወረደ» የሚሉትም አደገኛ ናቸው፡፡ «ቪዲዮው ተነሳ» ማለት ከገጹ ላይ ጠፋ ማለት ሲሆን «እገዳው ተነሳ» ማለት ደግሞ ተፈቀደ ማለት ነው፡፡ አንዱ ቃል ቅጣቱንም ምሕረቱንም ይገልጻል፡፡ «ቪዲዮውን አወረደው» ስንልስ? ዳውንሎድ አደረገው ነው ወይስ ከገጹ ላይ አስወገደው? የሁለቱ ትርጉም ፍጹም ተቃራኒ ነው፡፡ አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ አካውንታቸው ሲገደብ በቀልድ «ታሰርኩ» ይላሉ፡፡ በጓደኛሞች ጨዋታ መሃል ችግር የለውም፡፡ ግን «እገሌ ታሰረ» የሚል ወሬ ገጠር ያለች እናት ጆሮ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አስቡት፡፡ ጋዜጠኛ በእውነት በሚታሰርበት አገር ይህ ቃል ለቀልድ አይሆንም፡፡

ጉዳቱ እንጀራም ላይ ይደርሳል፡፡ አንድ የዶርም ጓደኛዬ የትምህርት ቪዲዮ የሚጭንበት ትንሽ ቻናል አለው፡፡ ከአንድ ሱቅ በወር የሚከፈለው የማስታወቂያ ገንዘብ ለፎቶ ኮፒና ለሻይ ይሆነዋል፡፡ አንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ቪዲዮ እንዳይጭን ተከለከለ፡፡ ነገሩን የሰማ አንድ የወሬ ገጽ «ቻናሉ ተዘጋ» ብሎ ጻፈ፡፡ ባለ ሱቁ ይህንን አንብቦ ክፍያውን አቆመ፡፡ ሳምንቱ አልቆ ቻናሉ እንደ ድሮው ሲሠራም «እናንተ እኮ ተዘግታችኋል» ነበር መልሱ፡፡ የወሬው ገጽ እርማት አላወጣም፡፡ ምን አጠፋሁ ሊል ይችላል፤ ለእሱ «ተከለከለ» እና «ተዘጋ» አንድ ናቸው፡፡ ለጓደኛዬ ግን የወር ገቢው ልዩነት ነው፡፡

ከሁሉም የሚከፋው ምክንያቱን የምንጽፍበት መንገድ ይመስለኛል፡፡ «የጥላቻ ንግግር በማሰራጨቱ ታገደ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እዩት፡፡ እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፡፡ አንዱ መታገዱ ነው፣ ሌላው ጥፋተኛ መሆኑ፡፡ ጥፋተኛ ያለው ማን ነው? ኩባንያው ነው፣ እሱም በራሱ ደንብ፣ አንዳንዴም በማሽን ተለይቶ፡፡ የኩባንያ ደንብ ሕግ አይደለም፣ የኩባንያ ገምጋሚም ዳኛ አይደለም፡፡ በእኛ አገር ግን የጥላቻ ንግግር በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተደነገገ ወንጀል ነው፡፡ ስለዚህ ያ ጋዜጠኛ ሳያውቀው ፍርድ ቤት ያልቀረበን ሰው ወንጀለኛ አደረገ ማለት ነው፡፡ «ኩባንያው የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለውን ደንቤን ጥሷል በማለት ለ7 ቀን አግዶታል» ቢል ግን ፍርዱን ለባለቤቱ መለሰ፡፡ ልዩነቱ ጥቂት ቃላት ነው፣ ሰውን ከመወንጀል ግን ያድናል፡፡

በዚህ ሐሳቤ የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ፡፡ አንደኛው ክርክራቸው «ርዕስ አጭር መሆን አለበት» የሚል ነው፡፡ እስማማለሁ፡፡ ግን «ለ7 ቀን ታገደ» ከ«ታገደ» የሚረዝመው በስንት ቃል ነው? ኤዲተር ይህችን ቦታ አጣሁ ቢል አላምነውም፡፡ ሁለተኛው «አንባቢ ለዝርዝሩ ግድ የለውም» የሚል ነው፡፡ ይሄ እንኳ አንባቢን መናቅ ነው፡፡ የኳስ ዘገባ ላይ ተጫዋቹ ስንት ጨዋታ እንደሚያልፈው ሳንጽፍ ብንቀር ስንት ሰው እንደሚደውልልን እናውቃለን፡፡ ሦስተኛው «አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል የለውም» የሚል ነው፡፡ ከሁሉም የምቃወመው ይህንን ነው፡፡ ቃሉ አለን፡፡ የጎደለን መለየቱ ነው፡፡

እኔ በበኩሌ የሚከተለውን አቀርባለሁ፡፡ ደንብ በመጣስ የሚሰጥ የመጀመሪያ መልእክት «ማስጠንቀቂያ» ይባል፡፡ አንድ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ ሲጠፋ «ከገጹ ላይ ተወገደ»፡፡ ጽሑፉ እያለ ብዙ ሰው እንዳያየው ሲደረግ «ስርጭቱ ተቀነሰ»፡፡ አካውንቱ እየሠራ አንዳንድ አገልግሎት ሲከለከል «ተገደበ»፡፡ አካውንቱ በሙሉ ለጊዜው ሲቆም «ታገደ»፣ ጊዜውም ምንጊዜም አብሮ ይጻፍ፤ ካልታወቀ «የጊዜው ርዝመት አልተገለጸም» ይባል፡፡ ያለ ቀን ገደብ ሲጠፋ «ተዘጋ»፡፡ በአገር ደረጃ ኢንተርኔት ላይ ሲሆን «እንዳይከፈት ተደረገ»፣ ማን እንዳደረገው ከታወቀም በስሙ፡፡ ግለሰብ ለግለሰብ ሲሆን ደግሞ ሕዝቡ እንደሚለው «ብሎክ አደረገው» ቢባል ምንም ነውር የለውም፡፡

ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው ሰው ካለ ያምጣ፡፡ እኔ የምከራከረው ለመለየቱ እንጂ ለእነዚህ ቃላት አይደለም፡፡ ማንኛውም እንዲህ ያለ ዜና ከመውጣቱ በፊት ግን አምስት ጥያቄ ቢጠየቅ ደስ ይለኛል፡፡ ማን ወሰደው? ምን ላይ፣ ጽሑፉ ላይ ወይስ ሰውዬው ላይ? ለስንት ጊዜ? ምክንያቱን ማን ሰጠ? ይግባኝ አለው ወይ?

የዲፓርትመንታችን መምህራን በዜና አጻጻፍ ኮርስ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢሰጡን፣ የቡለቲናችን አዘጋጆችም የተስማማንባቸውን ቃላት በአንድ ገጽ አድርገው ላብ ውስጥ ቢለጥፉልን መልካም ነው እላለሁ፡፡ ነገ ሁላችንም በየሚዲያው ተበትነን «ታገደ» የሚል ዜና እጃችን ላይ መግባቱ አይቀርም፡፡ ያን ጊዜ ከርዕሱ ፊት ለአንዲት ደቂቃ ቆም ብለን «ለስንት ቀን?» ብንል ከሌላው ሚዲያ በአንዲት ደቂቃ እንዘገይ ይሆናል፡፡ የተጻፈበት ሰው ግን ያልደረሰበትን ቅጣት አናሸክመውም፡፡